መረቡ ሳይቀድም፦ የጥልቅ ባሕር ተጋላጭ ቦታዎች እንዴት ይለያሉ?

ጥያቄው፦ «በባሕር ዳር የማሪታይም ሠልጣኝ ነኝ። በጥልቅ ባሕር ውስጥ ‹ተጋላጭ ሥነ ምህዳር› ተብለው የተለዩ፣ የዓሣ መርከቦችም መረብ እንዳይጥሉባቸው የተከለከሉ ቦታዎች እንዳሉ አነበብኩ። ማንም ወርዶ ያላየውን የባሕር ወለል በምን መለኪያ ነው ተጋላጭ የሚሉት? ክልከላውስ በእርግጥ ይሠራል? ጣና ዳር ላለነውስ ከዚህ የምንማረው ነገር አለ?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። የእኔ ሥራ ጣና ላይ ነው፤ ዓሣውንና የዓሣውን መራቢያ ቦታዎች አጠናለሁ። የጥልቅ ባሕሩን ምርምር ለዓመታት በቅርብ የተከታተልኩት የራሳችንን ሐይቅ ችግር አጥርቶ ስለሚያሳየኝ ነው። ስለዚህ የእርስዎ የመጨረሻ ጥያቄ ለእኔ የመጀመሪያው ነው። እዚያ ለመድረስ ግን አስቀድመን ወደ ታች መውረድ አለብን።

ጥልቅ ባሕር በተለምዶ የሚባለው ከ200 ሜትር በታች ያለው ነው። ብርሃኑ ስለማይበቃ ተክል አይበቅልበትም፤ አብዛኛው ነዋሪ ከላይ የሚረግፈውን ፍርፋሪ ጠብቆ የሚኖር ነው። ምግቡ ጥቂት፣ ውኃው ቀዝቃዛ፣ ዕድገቱም አዝጋሚ ነው። የዓሣ መርከቦች እዚያ መድረስ የጀመሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ ሞተሩም የብረት ገመዱም ሲጠነክር ነው። ጎታች መረብ ብቻውን አይወርድም። አፉን ከፍተው የሚይዙለት ከባድ የብረት ሳንቃዎች፣ ከሥሩም የሚንከባለሉ ትልልቅ ጎማዎች አሉት። እነዚህ ወለሉን እየፋቁ ሲያልፉ በመንገዳቸው የቆመ ነገር ተርፎ አይገኝም።

ኦሬንጅ ራፊ የሚባለው ዓሣ ታሪክ ሁሉን ያስረዳል። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ዙሪያ፣ በባሕር ውስጥ ተራሮች ላይ ለመራባት በመንጋ ይሰበሰባል። ከ100 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ለመራባት የሚደርሰውም ሃያና ሠላሳ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። መርከቦቹ መንጋውን ሲያገኙት አንድ ጊዜ ተጥሎ በወጣ መረብ ብዙ ቶን ያወጡ ነበር። ያ ብዛት አሳሳች ነበር። ዓሣው ከሰፊ ባሕር ተጠራርቶ አንድ ተራራ ላይ ስለሚከማች፣ አጠቃላይ ቁጥሩ በግማሽ ቢወርድ እንኳ ተራራው ላይ ያለው መንጋ ብዙ ሆኖ ይታያል፤ መረቡም እንደ ወትሮው ሞልቶ ይወጣል። ምርቱ የሚያሽቆለቁለው በድንገት ነው፤ በዚያን ጊዜ የቀረው ጥቂት ነው። በተራሮቹ ላይ ቆሞ የነበረው ኮራልም (ተክል የሚመስል፣ ወለል ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ከዓሣው ጋር ተነቅሎ ወጥቷል።

ስለዚህ መረብ ለባሕር ወለል ታማኝ ምስክር አይደለም። «ዛሬም ደህና ተይዟል፣ ምን ጎደለ?» የሚለው ንግግር የሚሰማው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላም ነው። ተጋላጭ ቦታን የመለየት ሥራ ሁሉ ከዚህ ይነሣል፤ ቦታውን መረቡ ከመድረሱ በፊት ማወቅ ግድ ነው።

ይህ አሳብ ዓለም አቀፍ ደንብ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በውሳኔ ቁጥር 61/105፣ ከየትኛውም አገር ወሰን ውጪ ባለው ባሕር ወለሉን እየነኩ የሚያጠምዱ አገሮችና የቀጣና የዓሣ ሀብት ድርጅቶች እስከ 2008 መጨረሻ ድረስ እንዲህ ያሉትን ቦታዎች እንዲለዩ ጠየቀ። የተለዩትም ከባድ ጉዳት እንዳይደርስባቸው የሚያደርግ ሥርዓት እስኪበጅ ድረስ ለወለል ማጥመድ እንዲዘጉ አለ። የማስረጃው ሸክም የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊት «ይጎዳል» የሚለው ወገን ነበር ማስረጃ አምጣ የሚባለው፤ ከዚያ በኋላ «አይጎዳም» የሚለው እንዲያስረዳ ተጠየቀ። በ2008 ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እርስዎ የጠየቁትን መለኪያ በመመሪያ አወጣ።

መለኪያዎቹ አምስት ናቸው፦ ቦታው ልዩ ወይም ብርቅ መሆኑ፤ ለሌሎች ፍጥረታት መራቢያ፣ ማሳደጊያ ወይም መጠለያ ሆኖ ማገልገሉ፤ በቀላሉ የሚሰበር መሆኑ፤ የነዋሪዎቹ የሕይወት ጠባይ ማገገምን የሚያዘገይ መሆኑ፤ በመጨረሻም ሕያዋን ራሳቸው የገነቡት ውስብስብ ቅርጽ መኖሩ። ቦታው ሁሉንም በአንድነት ያሟላ ዘንድ አይጠበቅም።

እኔ አብልጬ የምመዝነው አራተኛውን ነው። ተጋላጭነት በቀላሉ መጎዳት ብቻ ሳይሆን ከጉዳት መመለስ አለመቻልም ነው። መመሪያው አንድን ጉዳት ጊዜያዊ የሚለው ከ5 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ገደማ የሚሽር ከሆነ ነው። አሁን ከሃዋይ ደሴቶች አጠገብ የተገኘውን ጥቁር ኮራል እንመልከት። ግንዱ በዓመት የሚወፍረው በሚሊሜትር ሺኛ በሚቆጠር ልክ ብቻ ሲሆን፣ በራዲዮካርቦን ሲለካ ዕድሜው ከ4,000 ዓመት በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የአክሱም ሐውልቶች ሲቆሙ እርሱ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎት ነበር። እንዲህ ያለውን ግንድ የሰበረ መረብ ጉዳቱን በየትኛውም የሰው ልጅ የጊዜ ሰሌዳ ሊክስ አይችልም።

ስለ ቅርጽም አንድ ምሳሌ ልጨምር። በኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ2002 የተገኘው የሮስት ሪፍ ከ300 እስከ 400 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ የቀዝቃዛ ውኃ ኮራል ነው። ሕያው የሆነው ከላይ ያለው ስስ ክፍል ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው በሺዎች ዓመታት የተከማቸ የቀደምቶቹ አጽም ነው። በቅርንጫፎቹ መካከል ዓሣ ይጠለላል፣ ሸርጣን ይደበቃል፣ ስፖንጅ (ውኃ እያጣራ የሚመገብ ተጣባቂ እንስሳ) ይበቅላል። ሲደቀቅ የሚቀረው ጠፍጣፋ ፍርስራሽ ነው፤ ፍርስራሹም መጠለያ አይሆንም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ያልታየው እንዴት ይለያል? በዘመናዊ ሶናር (ድምፅ ልኮ በሚመለሰው ማሚቶ ጥልቀትን በሚለካ መሣሪያ) የተለካው የዓለም የባሕር ወለል ሩብ ያህል ነው፤ በካሜራ የታየው ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሥራው ከታወቀው ተነሥቶ ያልታወቀውን መገመት፣ ከዚያም ግምቱን ወርዶ መፈተሽ ነው። መርከቡ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ የገደሉ፣ የሸለቆውና የተራራው ቅርጽ ይወጣል። ኮራልና ብዙ ዓይነት ስፖንጅ የሚጣበቁበት ጠንካራ ወለልና ምግብ የሚያመላልስላቸው የውኃ ፍሰት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቅርጹን፣ ሙቀቱን፣ ጨውነቱንና ፍሰቱን ያወቀ ባለሙያ የት ሊገኙ እንደሚችሉ በካርታ ላይ ያመለክታል። ካርታው ምልክት ወዳደረገበት ቦታ ካሜራ ወይም በገመድ የሚመራ ሮቦት ይወርዳል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ለዚህም ነው ካርታ ብቻ አይቶ «ባዶ ነው» የሚለውን የማልቀበለው።

ከመሣሪያው በፊት የሚያውቁ ሰዎች ግን ነበሩ፤ ዓሣ አጥማጆቹ። በፋሮ ደሴቶች ዙሪያ ትልልቅ ስፖንጆች የሞሉበትን ቦታ አጥማጆቹ በአይብ ስም ይጠሩት ነበር፤ ስፖንጁ መረቡን ሞልቶ ዓሣውን ስለሚያበላሽባቸው የት እንዳለ ጠንቅቀው ያውቁታል። በኖርዌይም በመንጠቆ የሚያጠምዱት ናቸው ጎታች መረብ ኮራሉን ሲያደቅቅ ዓሣው ከቦታው እንደጠፋ የተናገሩት። ተመራማሪዎች አቤቱታቸውን ተከትለው በካሜራ ሲያዩ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ በኖርዌይ ውኃ ካለው ኮራል ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ተጎድቷል ተብሎ ተገመተ። አገሪቱ የሱላ ሪፍ የሚባለውን የኮራል ክምር እ.ኤ.አ. በ1999 ለጎታች መረብ ዘጋች። ይህን የምነግርዎ ደስ ስለሚለኝ ብቻ አይደለም፤ ጣና ላይ ሲደርሱ ይጠቅምዎታል።

ገና ባልተለየ ተጋላጭ ቦታ ላይ መረብ በድንገት ቢያርፍስ? ለዚህ «ካገኘህ ተነሥ» የሚል ዓይነት ደንብ አለ። የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ የዓሣ ሀብት ኮሚሽን ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ሕያው ኮራል ወይም ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ሕያው ስፖንጅ በጎታች መረብ ያወጣ መርከብ ማጥመዱን አቁሞ ቢያንስ 2 የባሕር ማይል እንዲርቅና እንዲያስታውቅ ያዛል። በአንታርክቲክ ውኃ ደግሞ በረጅም መስመር መንጠቆ የሚያጠምዱ በአንዱ የመስመር ክፍል 10 ሊትር ወይም 10 ኪሎ ግራም ያህል እንደ ኮራልና ስፖንጅ ያሉ የተጋላጭ ቦታ አመልካች ፍጥረታት ካወጡ፣ በዙሪያው 1 የባሕር ማይል ይዘጋል።

በዚህ ደንብ ብዙ አልተማመንም። ኮራል ሲሰበር ስብርባሪው በመረቡ ዓይን ሾልኮ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ መርከቡ ላይ የሚወጣው ከተሰበረው ጥቂቱ ብቻ ነው። ሠላሳ ኪሎ ወጣ ማለት ከታች ስንት እጥፍ ደቀቀ ማለት እንደሆነ በመርከቡ ላይ የቆመ ሰው ሊያውቅ አይችልም። ሁለት ማይል መራቅም ያልተነካ ቦታ ላይ ሊጥል ይችላል። ደንቡ ለክፉ ቀን ይኑር፤ ጥበቃው ግን አስቀድሞ በመዝጋት ላይ መቆም አለበት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 በውኃው ከ800 ሜትር በታች የወለል ጎታች መረብን ሙሉ በሙሉ መከልከሉ፣ በ2022 ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ 87 ቦታዎችን መዝጋቱ ለእኔ የተሻለው መንገድ ነው።

ክልከላው ይሠራል ወይ ላሉት የምሰጠው መልስ «ከመሰበሩ በፊት ከሆነ» የሚል ነው። ከስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የዳርዊን ጉብታዎች የሚባሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ተገኙ። አሸዋማ ጉብታዎች ናቸው፤ ቁመታቸው ቢበዛ 5 ሜትር ቢሆን ነው፤ አናታቸው ላይ የኮራል ቁጥቋጦ ቆሟል። ከተገኙ ብዙም ሳይቆይ በምሥራቁ በኩል የመረብ ዱካ አሸዋው ላይ ተጋድሞ፣ የኮራል ስብርባሪም ተበትኖ ታየ። በ2003 ለጎታች መረብ ተዘጉ። ስምንት ዓመት ቆይተው ተመራማሪዎች በካሜራ ተመልሰው ሲያዩ፣ ብዙም ያልተነካው ምዕራባዊ ክፍል ሕያው ኮራሉን እንደያዘ ነበር፤ መርከቦቹም ክልከላውን በአብዛኛው አክብረዋል። አስቀድሞ የተደቀቀው ምሥራቃዊ ክፍል ግን አላገገመም። አንድ ቦታ፣ አንድ ሕግ፣ አንድ ቀን የጀመረ ጥበቃ፤ ልዩነቱ ሕጉ ሲመጣ ምን ቆሞ እንደጠበቀው ብቻ ነው።

ተስፋ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ከሃዋይ ወደ ሰሜን ምዕራብ በሚዘልቁት የባሕር ውስጥ ተራሮች ላይ፣ ለሠላሳና አርባ ዓመት ከመረብ ባረፉት፣ በፍርስራሹና በተጣለው መረብ መካከል አዲስ ኮራል ሲነሣ ታይቷል። አዝጋሚ ነው፤ ግን አለ። በተቃራኒው በፔሩ ተፋሰስ ከ4,000 ሜትር በታች እ.ኤ.አ. በ1989 የማዕድን ማውጣትን ጉዳት ለመፈተን የታረሰው ወለል ከ26 ዓመት በኋላ ትልሙ ሳይጠፋ ቆይቷል። ለማዕድን ቁፋሮ የሚቻኮሉ ሰዎች ይህንን ቢያዩት እመኛለሁ።

ለእኛ የሚቀርበው ጥልቅ ባሕር ቀይ ባሕር ነው። በሌላው ውቅያኖስ ከ2,000 ሜትር በታች ውኃው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ በቀይ ባሕር ግን እስከ ታች 21 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ ጨውነቱም ከፍተኛ ነው። ያም ሆኖ ኮራል ይገኝበታል። በመካከሉ አትላንቲስ ሁለት በሚባለው ጥልቅ ጉድጓድ ብረታ ብረት የበዛበት ትኩስ የጨው ውኃ ተኝቷል። የእርስዎ መንገድ በዚያ ባሕር ላይ ማለፉ አይቀርም፤ ከመርከቡ ሥር ያለውን ማወቅ ደስ ይላል።

አሁን ጣና። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጣና ጥልቅ ባሕር አይደለም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰፋም በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው፤ የተናገርኩት ዓለም አቀፍ ደንብም አይመለከተውም። መለኪያዎቹ ግን በትክክል ይሠራሉ።

በጣና ነጭ ዓሣ የምንለው በአንድ ስም የሚጠሩ 15 ያህል ዝርያዎች ስብስብ ነው፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅና ከገባሮቹ ሌላ የትም አይገኙም። ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው፤ ወገናቸው በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ሆኖ ሳለ ይህን ኑሮ መልመዳቸው ተመራማሪን ሁሉ ያስገርማል። ሐይቁ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ከደለሉ ይታወቃል፤ ይህ ሁሉ ልዩነት ምናልባት ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ልዩ ወይም ብርቅ መሆን በሚለው መለኪያ ጣና ከማንኛውም የባሕር ተራራ አያንስም።

ከእነዚህ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማና ወደ ሌሎቹ ወንዞች አፍ ይሰበሰቡና ወደ ላይ ይወጣሉ። የሚራቡት ወደ ወንዞቹ በሚገቡ ጅረቶች፣ ጥርት ያለ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩን ጎንበስ ብለው ቢያነሡት እንቁላሉ ለምን እዚያ እንደሚጣል ይገባዎታል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት እንቁላሉን ከጎርፍ ይሰውረዋል፣ ውኃውም በሥሩ እያለፈ አየር ያደርስለታል። ክፍተቱ በደለል ከተደፈነ እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ጠጠሩና አሸዋው ለግንባታ ከተጫነ ደግሞ ቦታው ራሱ የለም።

በወንዙ አፍ ላይ የሚጣለው መረብም የኦሬንጅ ራፊን ታሪክ ይደግማል። እስከ 1986 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የጣና ዓሣ አጥማጅ፣ በተለይ የወይጦ ወገኖቻችን፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ከዳር ዳር ነበር የሚያጠምደው። ያን ጊዜ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። ነጭ ዓሣ በሐይቁ ተበትኖ ሳለ ጥቂት የሚይዝ አጥማጅ፣ በክረምት በወንዝ አፍ ላይ በአንድ ሌሊት ብዙ ይይዛል። ያ ብዛት የሐይቁ ሀብት ሳይሆን፣ ከመላው ሐይቅ እንቁላሏን ይዛ የመጣች እናት ዓሣ ብዛት ነው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እስከ 2001 ገደማ በተደረጉ ጥናቶች የነጭ ዓሣ መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆልቁሎ ተገኝቷል። በአንዳንድ ጅረቶች ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ላይ ይበተናል፤ ዓሣው ትልቅም ትንሽም ሳይለይ ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ስለ እምቦጭ ብዙ ይወራል፤ እኔም አስጊ ነው እላለሁ። ነገር ግን ነጭ ዓሣን ከዘሩ የሚያጠፋው በመጀመሪያ ደረጃ የመራቢያ ጠጠሩና የወንዙ አፍ መጎዳት ይመስለኛል፤ ትኩረታችን በአንድ አረም ላይ ብቻ ማረፉ ያሳዝነኛል።

በአራተኛው መለኪያ ግን ጣናን ከኮራል ጋር እኩል አላደርገውም። ነጭ ዓሣ ሺህ ዓመት አይፈልግም፤ ጠጠሩ ካለ፣ እናት ዓሣም ከተረፈች፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሶ ሊበዛ ይችላል። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው፤ ከዳርዊን ጉብታዎች ምሥራቅ ይልቅ ምዕራቡን እንመስላለን ማለት ነው። ለዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣ አዋጅ፣ ቁጥር 315/1995፣ አለ፤ ጣናም በ2015 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። እኔ የምጠይቀው ከዚህ ይልቅ ጠባብና ቁርጥ ያለ ነገር ነው፦ የትኛው የወንዝ አፍ፣ ከየት እስከ የት፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ ለየትኛው መረብ እንደሚዘጋ በካርታ ላይ መስመር ተሠምሮ፣ መስመሩንም አጥማጆቹ ራሳቸው ሲያሠምሩ ተገኝተው። በዝግ ወራት የሚታጣውን ገቢ የሚተካ ነገር ካልታሰበለት መስመሩን ማንም አያከብረውም፤ አጥማጁም ልጆች አሉት።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ? የሚማሩት የመርከብ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ፣ የጥልቅ ባሕር ካሜራና ሮቦት የሚቆመው በእንዲህ ዓይነቱ ባለሙያ እጅ ነው፤ የምርምር መርከቦችም ይፈልጉታል። ጣና ላይ ግን ለመጀመር መርከብ አያስፈልግም። ለትንሽ ጀልባ የሚሆን ሶናር ጠንካራ ወለልን ከለስላሳ ደለል ይለያል፤ በእርሱ የወንዞቹን አፍ መለካት፣ ከዚያ በላይ ያለውን ጠጠር ደግሞ በእግር ተጉዞ በካርታ ማስፈር ይቻላል። ከጉማራ ቢጀምሩ ጥሩ ነው፤ ብዙ የመራቢያ ጥናት የተደረገበት ስለሆነ የሚያነጻጽሩበት መረጃ ያገኛሉ። ከአካባቢው አጥማጆች መካከል ዕድሜ ጠገብ የሆኑትን ይዘው ይሂዱ። ጉዞው በጥር ወይም በየካቲት ይሁን፤ ሐምሌ ከገባ የዋናው ወንዝ ውኃ ስለሚደፈርስ ጠጠሩ አይታይም።